በሽታ የመከላከል አቅምን በዘወትር ማዕድ መንከባከብ፦ ከማጀት የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ በተነገረ ማግሥት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ በየገበያው እንዴት እንደተሻሙ የምናስታውስ ብዙ ነን። ፌጦው፣ ጤና አዳሙና ማሩም በየቤቱ ተፈላጊ ሆነው ሰነበቱ። ሰው ተጨንቆ ነበርና አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ሁሉም ሲጠይቀው የነበረው «በሽታ የመከላከል አቅሜን በምን ከፍ ላድርገው?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተዛነፈ ነበር። ይህ የሰውነት ሥርዓት እንደ ፋኖስ ክር ከፍ ዝቅ የሚደረግ አይደለም፤ ከልኩ ሲያልፍም የራስን አካል ማጥቃት ይጀምራል። አለርጂ፣ አስም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት የሚያመጣው ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሉፐስ እና ዓይነት 1 የስኳር በሽታ የሚመጡት መከላከያው ስለደከመ ሳይሆን የሚያጠቃውን ስለሳተ ነው። ስለዚህ ከምግብ የምንፈልገው ማነሣሣትን ሳይሆን፣ ሥርዓቱ የሚሠራበት ነገር እንዳይጎድልበትና ወደ ሆዳችን የገባውም በአግባቡ እንዲደርሰው ማድረግን ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ለአንድ ተራ የአገራችን ማጀት ነው፤ የሚጠይቀውም በአብዛኛው አዲስ ነገር መግዛትን ሳይሆን ያለውን ማቀናጀትን ነው።

ምግቡ ወዴት እንደሚሄድ

ቆዳ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ንፍጥ፣ የጨጓራ አሲድ እና የአንጀት ስስ ሽፋን የመጀመሪያዎቹ አጥሮች ናቸው። እነዚህን አልፎ የገባውን ጀርም ከአጥንት መቅኒ የሚመነጩት ነጭ የደም ሴሎች ይጠብቁታል፤ ከፊሎቹ ጀርሙን ውጠው ያጠፉታል፣ ከፊሎቹ በቫይረስ የተያዘውን የራሳችንን ሴል ያስወግዳሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ አንቲቦዲ የሚባሉትን ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታሉ። ጉሮሯችንን ሲያመን ከአንገታችን ሥር፣ እግራችን ሲቆስል በብሽሽታችን የሚወጣው ንፍፊት፣ እነዚሁ ሴሎች ተሰብስበው የሚባዙበት ዕጢ ማበጡን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ስንቅ ይፈልጋል። ሰውነት በየቀኑ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ነጭ የደም ሴሎችን ይሠራል፤ ፀረ እንግዳ አካላቱም ራሳቸው ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ትኩሳት ሲነሣ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በምግብ እጥረት ክፉኛ በተጎዳ ሕፃን ላይ ደግሞ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚሠለጥኑበት፣ በደረት ውስጥ ያለው ታይመስ የተባለ ዕጢ ይኮማተራል፤ ኩፍኝም ሆነ ተቅማጥ እንዲህ ያለውን ልጅ የሚያገኘው ያለ መከታ ነው።

ምግብ ብቻውን ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለሚጠራጠር ሰው፣ በህንድ ጃርካንድ ግዛት የተካሄደውንና ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጥናት መጥቀስ ይበቃል። በሳንባ ነቀርሳ ከተያዙ ሰዎች ጋር አብረው የሚኖሩ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ሩዝ፣ ጥራጥሬና ቫይታሚን በየወሩ ሲሰጥ ቆየ፤ በዚያ ወገን አዲስ በበሽታው የተያዙት ሰዎች ቁጥር ከሌላው ወገን ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ገደማ አነሰ። በቅርጫቱ ውስጥ ከጓዳችን የማናውቀው እንግዳ ነገር አልነበረም።

አንደኛ፦ ወጡን ማወፈር

ለጤነኛ ዐዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 50 ግራም ይጠጋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ 100 ግራም ያልበሰለ ምስር ደግሞ ወደ 25 ግራም ይሰጣል። እንግዲህ ሥጋ በወር አንዴ በሚገባበት ቤት እንኳ ይህን መሙላት ይቻላል፤ ችግሩ ያለው የወጡ ውፍረት ላይ ነው። ኑሮ ሲከብድ መጀመሪያ የሚቀጥነው ሽሮ ነው። ሦስት እንጀራ በቀጭን ሽሮ የበላ ሰው ሆዱ ይሞላል እንጂ ከሽሮው ያገኘው ሁለትና ሦስት ማንኪያ ዱቄት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለወጠው ይህ ነው፦ እንጀራውን ቀንሶ ወጡን ማወፈር፤ ሽሮ ሲሠራም ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ጭብጥ ሙሉ ዱቄት እንዲደርስ አድርጎ መለካት። እህልና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲበሉ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል፤ በእህል ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በአተር፣ በሽምብራ፣ በባቄላና በምስር ውስጥ በብዛት ስላለ፣ እንጀራ በሽሮ ከጥንት ጀምሮ የተገጣጠመ ማዕድ ነው።

ለትንንሽ ልጆች ግን ውፍረቱ ብቻ አይበቃም። ጨጓራቸው ትንሽ ስለሆነ በአንድ ገበታ ብዙ መብላት አይችሉም፤ ገንፏቸው ወይም አጥሚታቸው ውስጥ የጥራጥሬ ዱቄት፣ እንቁላል ወይም ወተት፣ ከዚያም አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ መግባት አለበት፤ በቀንም ደጋግመው ሊመገቡ ይገባል።

ሁለተኛ፦ የቡናውን ሰዓት መቀየር

ሁሉንም ቢዘሉ ይህን አይዝለሉ እላለሁ፤ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነውና። ብረት ለደም ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለናል፤ ነጭ የደም ሴሎች የሚባዙትና የዋጡትን ጀርም የሚገድሉትም በብረት እገዛ ነው። ጤፍ በብረት የበለጸገ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ይሁን እንጂ በጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ይህ ደግሞ በአንጀት የሚመጠጠው በጥቂቱ ነው። የእህሉ የራሱ ብረትም ቢሆን ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር ስለሚታሰር እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ አይገኝም። ከዚህ በላይ ቡናና ሻይ ሲጨመርበት ደግሞ በውስጣቸው ያሉት ታኒንና መሰሎቹ የቀረውንም ያስሩታል። አብሮ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚመጠጠውን ብረት በ40 በመቶ ገደማ፣ ሻይ ደግሞ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተለክቷል። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አልታየበትም፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ የተጠጣ ያህል ነበር።

እኔ ራሴ ምሳ ከበላሁ በኋላ ጀበና ካልተጣደ ቀኑ የሚጨልምብኝ ሰው ነኝ። የደም ማነስ ተገኝቶብኝ የብረት ክኒን ሲታዘዝልኝ፣ ክኒኑን በአቦሉ እያወራረድሁ ሁለት ወር ዋጥሁት፤ በድጋሚ ስመረመር ቁጥሩ ከነበረበት ፈቅ አላለም። ጥፋቱ የእኔው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቡናውን ወደ ረፋድና ወደ አሥር ሰዓት አዛውሬዋለሁ። ቡና ተዉ የሚል ምክር በእኛ አገር የሚሰማው የለም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ወይም ሁለት ሰዓት አቆይቶ መጠጣት ግን የሚቻል ነገር ነው።

የታሰረውን ብረት ከሚፈቱት ዋነኛው ቫይታሚን ሲ ነው፤ እዚህ ላይ ስንግ ቃሪያ የሚገባውን ክብር አላገኘም። አንድ መካከለኛ ጥሬ ቃሪያ ወደ 100 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ቫይታሚን ሲ ይዟል፤ ይህም ለዐዋቂ ወንድ በቀን ከሚያስፈልገው 90 ሚሊ ግራም፣ ለሴት ከሚያስፈልገው 75 ሚሊ ግራም ይበልጣል። በሽሮው ዳር የሚቀመጠው፣ ሆዱ ተሰንጥቆ ሽንኩርት የተሞላው ቃሪያ ለምላስ ማነቃቂያ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ቃሪያ የማይስማማው ሰው ቲማቲም በሎሚ ቆርጦ፣ ወይም ከምግቡ ጋር ዘይቱን (ጓቫ) ወይም ብርቱካን መብላት ይችላል። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ስለሚጠፋ ከወጡ ጋር የተንተከተከው አይቆጠርም። የቫይታሚን ሲ ክኒንን በሚመለከት ደግሞ፣ ዘወትር መዋጡ በጤነኛ ሰው ላይ ጉንፋንን እንደማያስቀር፣ ቢበዛ የሕመሙን ጊዜ በጥቂቱ እንደሚያሳጥር ነው ጥናቶች ተደጋግመው ያሳዩት።

ሦስተኛ፦ ጎመንና ዱባን በአግባቡ መሥራት

ቫይታሚን ኤ የዓይን ብቻ ሳይሆን የመተንፈሻ አካላትና የአንጀት ስስ ሽፋን ጠባቂ ነው፤ ሲጎድል የመጀመሪያው አጥር ይሳሳል፣ ኩፍኝም በልጆች ላይ ገዳይ ይሆናል። ጥቁር አረንጓዴ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ፓፓያ፣ ማንጎ እና በሲዳማና በወላይታ አካባቢ እየተስፋፋ የመጣው ብርቱካናማ ስኳር ድንች ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይዘዋል። ይህ ንጥረ ነገር የሚመጠጠው ከስብ ጋር ሲሆን ብቻ ስለሆነ ጎመን በውኃ ብቻ ተቀቅሎ መቅረብ የለበትም፤ አንድ ሁለት ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል።

አሠራሩም ይህን ይመስላል። ጎመኑ ሳይከተፍ በፊት ቅጠል በቅጠል ይታጠባል፤ ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ንጥረ ነገሩን አጥቦ መድፋት ነው። ሽንኩርቱ በዘይት ከበሰለ በኋላ ጎመኑ ከነእርጥበቱ ይገባና ተከድኖ በራሱ ውኃ ይበስላል፤ ቀለሙ ገና ብሩህ እያለ ከእሳት ይወርዳል። በብዙ ቤት የሚደረገው ግን ጎመኑን በብዙ ውኃ ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ ውኃውን ደፍቶ እንደገና መጥበስ ነው፤ ከሚደፋው አረንጓዴ ውኃ ጋር በውኃ የሚሟሙ ቫይታሚኖችም አብረው ይደፋሉ። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር የሆኑ ልጆች ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ ጠብታ እንዳያልፋቸው ማድረግ ያሻል፤ በቤት ያለው ጎመን ለእነሱ ብቻውን አይበቃም።

አራተኛ፦ ማቡካት፣ መዘፍዘፍ፣ ማብቀል

ዚንክ ሲጎድል ቁስል አይድንም፣ ተቅማጥ ይመላለሳል። ዚንክንም እንደ ብረት የሚያስረው ፋይቴት ነው፤ አያቶቻችን ስሙን ሳያውቁት የሚፈቱበትን ዘዴ ግን ያውቁ ነበር። ሊጥ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ በፋይቴት ላይ የሚሠሩ ኢንዛይሞች ስለሚነቁ እስሩ ይላላል፤ በዚያው ዕለት ተቦክቶ በማስነሻ ዱቄት ተነፍቶ የሚጋገረው እንጀራ ግን ይህን ዕድል አያገኝም። በቆልትም እንዲሁ ነው፦ ባቄላው ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ውኃው ይደፋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን በሞቃት ቦታ ይቀመጣል፣ በየቀኑም ይታጠባል፤ ነጭ ጭራ ሲያወጣ ይቀቀላል። ሳይቀቀል መብላት አይገባም፤ ለባቄላው መብቀል የተመቸው እርጥበትና ሙቀት ለጀርምም የተመቸ ነውና።

በነገራችን ላይ እንጀራ ስለቦካ ብቻ ሕያው ጠቃሚ ባክቴሪያ ይሰጣል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ምጣዱ ላይ ሲጋገር ሁሉም ያልቃሉ። ሕያው ባክቴሪያ የሚገኘው ከእርጎ ነው፤ ወተቱ ግን አስቀድሞ መፍላት አለበት። ፈልቶ ለብ ሲል፣ ከቀደመው እርጎ ሁለት ማንኪያ ተጨምሮበት ተከድኖ ማደር ይችላል። ባልፈላ ወተት የሚዘጋጅ እርጎ ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት የሚመጣ በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል።

አንጀታችን ውስጥ ቀድሞውኑ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች የሚመግበው ደግሞ ያልተፈተገ እህል፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል የያዘው አሰር ነው። ከበሽታ ተከላካይ ሴሎቻችን ብዙዎቹ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ስለሚኖሩ የዚህ ጎረቤት ሰላም ለእነሱም ሰላም ነው። ፉርኖ ዱቄትና ለስላሳ መጠጥ በአንጻሩ ለእነዚህ ባክቴሪያዎች የሚተርፍ ነገር የላቸውም። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ሲኖረው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይላል። ስኳሩን ያልተቆጣጠረ የስኳር ሕመምተኛ ነጭ የደም ሴሎቹ ይፈዛሉ፤ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉም ከሌላው ሰው በሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ ይላል።

አምስተኛ፦ የሚበላው እንዳያሳምም

የአቃቂን ወንዝ ተከትሎ በሚለማ መሬት የበቀለ ሰላጣና ቆስጣ በአዲስ አበባ ገበያ ላይ መኖሩ የታወቀ ነው፤ የወንዙ ውኃ ደግሞ የከተማው ፍሳሽ የሚወርድበት ነው። በአቼቶ ወይም በሎሚ መዘፍዘፍ የጥገኛ ትል እንቁላልን አይገድልም፤ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ቅጠል በቅጠል ማሸት ይቀንሰዋል፣ ማብሰል ያጠፋዋል። ምንጩ ያልታወቀ ቅጠልን በጥሬው ከመብላት አብስሎ መብላት ይሻላል፤ ለጥሬው ቃሪያ፣ የሚላጥ ካሮትና የሚላጥ ፍራፍሬ ይበቃሉ።

ጥሬ ሥጋ ኮሶ ትል እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም። ለነፍሰ ጡር፣ ኤች አይ ቪ በደሙ ላለበት፣ የካንሰር ሕክምና ለሚከታተልና መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ጥሬ ሥጋውም ሆነ ለብለብ ክትፎው ጨርሶ የሚመከር አይደለም። የሻገተ ለውዝና በቆሎም ታጥቦ ወይም ተቆልቶ አይድንም፤ ሻጋታው የሚያወጣው አፍላቶክሲን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሲሆን እሳት በቀላሉ አያጠፋውም። ይጣል።

ጾም፣ ፀሐይና ሕመም

በኦርቶዶክስ ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ከእንስሳት ተዋጽኦ ይታቀባሉ። ይህ በራሱ መከላከያን አያዳክምም፤ ጥራጥሬው፣ ተልባው፣ ሱፉና ጎመኑ እስካሉ ድረስ ጾመኛ ከፍስከኛ የተሻለ ሊመገብ ይችላል። የሚጎዳው ጾሙን በፓስታ፣ በዳቦና በሳምቡሳ መጨረስ ነው። ቫይታሚን ቢ 12 ከዕፅዋት ስለማይገኝ፣ በፍስክም ወተትና እንቁላል የማያገኝ ሰው፣ በተለይም አረጋዊ፣ መመርመር ይኖርበታል። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕሙማን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ፤ ሥርዓቱ ራሱ ለደካማ ያዝናል።

ቫይታሚን ዲ ከምግብ ይልቅ ከፀሐይ የሚገኝ ነው። ጥቁር ቆዳ ተመሳሳይ መጠን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ በስቶክሆልም፣ በለንደንም ሆነ በዋሽንግተን ክረምቱን የሚያሳልፍ ወገናችን በተለይ ይጎድልበታል፤ የብሪታንያ የጤና ባለሥልጣናት በመፀውና በብርዱ ወራት በየቀኑ 10 ማይክሮ ግራም እንዲወሰድ የሚመክሩት ለሁሉም ሲሆን፣ ጥቁር ቆዳ ላላቸው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀኑን ሙሉ ከቤት ሳይወጡ የሚሠሩ እህቶቻችንም ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ ያጣሉ። አገር ቤት ላለ ሕፃን ግን ረፋድ ላይ በረንዳ መውጣት ይበቃዋል፤ ተጠቅልሎ ሳይሆን እጅ እግሩ ተገልጦ።

አዲስ ለተወለደ ሕፃን የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ ማለትም እንገሩ፣ በፀረ እንግዳ አካላት የተሞላ ስለሆነ «ያሳምመዋል» ተብሎ ታልቦ መደፋት የለበትም። ቅቤ ማስላስም እንዲሁ ይቅር፤ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም አያስፈልገውም።

ልጅ ሲያስቀምጠው ምግብ መከልከል እስካሁን ያልጠፋ ልማድ ነው። መደረግ ያለበት የሚከተለው ነው፦ አንድ ሊትር ለሚለው የኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ከረጢት በትክክል አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለክቶ መበጥበጥ፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ ማጠጣት፣ ጡት አለማቋረጥ፣ ምግቡን በትንሽ በትንሹ መቀጠል። ከዚህ ጋር በጤና ባለሙያ የሚታዘዘው ዚንክ ከስድስት ወር በላይ ለሆነው 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነው 10 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ ከ10 እስከ 14 ቀን ሳይቋረጥ ይሰጣል። ብዙ እናቶች ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ዚንኩንም ያቆሙታል፤ የቀሩት ቀናት የታሰቡት ግን ለሚቀጥለው ተቅማጥ ነው። ልጁ ከዳነ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታ ቢያገኝ የከሳውን ይመልሳል።

ማጀት የማይፈታውም አለ። ክትባትን የሚተካ ምግብ የለም፤ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረ ሰውም በነጭ ሽንኩርትና በማር ሊለውጠው አይችልም። የብረት ክኒን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ለእናት የታዘዘ አንድ እሽግ ሕፃንን ሊገድል ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ በከፍተኛ መጠን የተዘጋጀ የቫይታሚን ኤ ክኒን አትውሰድ፤ ጽንሱን ይጎዳልና። ያለ ምክንያት ክብደት የቀነሰ፣ ሳል ሁለት ሳምንት ያለፈበት፣ ቁስሉ አልድን ያለው ወይም በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የታመመ ሰው ምግቡን ከማስተካከሉ ጎን ለጎን ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን፣ ስኳሩን፣ አክታውንና ኤች አይ ቪ ይመርመር፤ የሚወስዳቸውን ክኒኖችና ባህላዊ መድኃኒቶች በሙሉ፣ ጠዋት የሚዋጠውን ነጭ ሽንኩርት ጭምር፣ ለሐኪሙ ይንገር።